ለቆሮሶ ጫጩት የመጀመሪያ መኖ፦ ስቡ ከየት ይምጣ፣ ምን ያህል ይሁን፣ እንዴት ይቀላቀል

ከእናቱ አፍ ወጥቶ ራሱን ችሎ መዋኘት የጀመረ የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጫጩት ክብደቱ 10 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሺው ተሰብስቦ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከሚመዝነው እምብዛም አይበልጥም። እስከዚያ ቀን የኖረው ሆዱ ላይ ተንጠልጥሎ በመጣው የአስኳል ስንቅ ነው። ስንቁ አልቆ የሚቀርብለት የመጀመሪያ መኖ ከዚያ ስንቅ በጣም ከራቀ፣ ጫጩቱ እየበላ ይከሳል።

መኖ አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ የሚጨነቁት ፕሮቲን እንዳያንስ ነው፤ ስቡን ግን ማድ ቤት ካለው ጀሪካን በግምት ያፈሱታል። የቅባት እህል በሚበቅልበት በወሎ ምድር ስብ አንሶት የሚጎዳ ጫጩት ብዙ አይገኝም። የሚያጋጥሙት ችግሮች ሌሎች ናቸው፦ ስቡ ይበዛል፤ ዓይነቱ ለጫጩት አንጀት የማይሆን ይሆናል፤ ወይም ጫጩቱ ሳይበላው ይበላሻል። ስለዚህ ዘይት ከማፍሰስ በፊት መቁጠር፣ ከመቁጠርም በፊት መምረጥ ይገባል።

ከዚህ በታች ያለው መጠን ለ1 ኪሎ ግራም መኖ ነው። 2,000 ጫጩት ለአንድ ወር ያህል ያደርሳል። የተዘጋጀው ለቆሮሶ ነው። አምባዛ የተባለው ዓሣ የሚለይበት ነገር ስላለ እሱን ለብቻው ወደ ኋላ አስቀምጠነዋል።

የትኛው ስብ?

ቆሮሶ የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ነው። ከምግቡ ማግኘት ያለበት ዋናው የስብ አሲድ ሊኖሌይክ የሚባለው የኦሜጋ 6 ዓይነት ሲሆን፣ የሚያስፈልገውም ከመኖው 0.5 እስከ 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከኦሜጋ 3 ወገን ደግሞ በተልባ ውስጥ ያለውን አጭሩን ከሰጡት፣ ረጃጅሞቹን በተወሰነ ደረጃ ራሱ መሥራት ይችላል። የባሕር ዓሣ እጭ ይህን ስለማይችል የባሕር ዓሣ ዘይት የግድ ይፈልጋል። ቆሮሶ ለሚያሳድግ ሰው ግን ከውጭ የመጣ የዓሣ ዘይት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልገውም።

*ኑግ።* ዘይቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ ነው፤ ለቆሮሶ የተሠራ ይመስላል። በቅዝቃዜ አይረጋም። ኦሜጋ 3 ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሱፍም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

*ተልባ።* ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3 ነው። ኑግ የጎደለውን የሚሞላው እሱ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉም ዘይቶች ቶሎ የሚበላሸውም እሱ ነው። ተልባ ዘይት ሆኖ ገበያ ላይ እምብዛም ስለማይገኝ ዱቄቱን መጠቀም ይቀላል። ጥሬ ተልባ ሲያናይድ የሚያመነጭ ውህድ ስላለው ሳይታመስ አይሰጥም። ልጋጉም ሲበዛ መኖውን ያጣብቃል፤ በኪሎ ከ30 ግራም በላይ አይግባ።

*አኩሪ አተር።* ሙሉ ፍሬው 20 በመቶ ያህል ዘይት አለው። ዘይቱ ሊኖሌይኩም ጥቂት ኦሜጋ 3ም ስላለው ሚዛኑ ጥሩ ነው። እዚህ የሚገባው ታምሶ ተፈጭቶ ከነዘይቱ ነው።

*የእንቁላል አስኳል።* ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ነው። የአስኳል ስብ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ፎስፎሊፒድ የተባለ የስብ ዓይነት ነው። ጫጩት የበላውን ስብ ከአንጀቱ ግድግዳ አንስቶ ወደ ደሙ ለማሻገር ፎስፎሊፒድ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የሚበቃውን ያህል ራሱ አይሠራም። ፎስፎሊፒድ ከሌለ ዘይቱ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይከማቻል። ሆዱ ውስጥ ስብ እያለ ጡንቻው ይራባል። ዘይት ጨምሮ ጫጩቱ የከሳበት ሰው፣ ሌላ ዘይት ከመጨመሩ በፊት አስኳል አስገብቷል ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

*የሚረጋ ዘይት (ፓልም)።* በየቤቱ ያለው ይህ ነው፤ ለጫጩት ግን አይሆንም። ደሴ ላይ በጠዋት ጀሪካኑን ቢያዘነብሉት ነጭ ሆኖ ረግቶ አይወርድም። በ22 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በሚኖር ጫጩት አንጀት ውስጥም ሁኔታው ያው ነው፤ የዓሣ ሰውነት የውሃውን ያህል እንጂ የራሱ ሙቀት የለውም። ሊኖሌይኩም 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞራና ቅቤም በዚሁ ምክንያት ይቀራሉ። አንዴ የተጠበሰበት ዘይትማ ለትልቁም ዓሣ አይሰጥ።

*ጥጥ ፍሬና ጎመን ዘር።* የጥጥ ፍሬ ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለው። የጎመን ዘር ደግሞ ዘይቱ ኤሩሲክ የሚባል ጎጂ የስብ አሲድ፣ ፋጉሎው (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) የሚሰነፍጥ ነገር አለበት። ለአዋቂ ዓሣ በጥቂቱ ያልፉ ይሆናል፤ ለጫጩት ግን ይቅሩ።

*ከዓሣ ተረፍ የሚወጣ ዘይት።* ሐይቅ ከተማ ዓሣ ከሚበለትበት ቦታ አንጀቱን ከነሞራው ማግኘት ይቻላል። 30 ደቂቃ በውሃ ቀቅለው፣ በጨርቅ ጨምቀው፣ ውሃው ሲረጋ ከላይ የሚንሳፈፈውን በማንኪያ ይቀፉት። የሚወጣው ጥቂት ነው፤ በዚያው ሳምንት የሚበላ ከሆነ ግን የተልባን ቦታ ይተካል። ቆሮሶ ለወሎ ሐይቆች የኋላ እንግዳ ነው፤ ሎጎ ሐይቅ ውስጥ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ ግን ተረፉ ብቻውን መኖ የሚሆንበት ደረጃ ደርሷል።

ግብዓቶቹን ማዘጋጀት

የዓሣ ዱቄት። አጥንት፣ ጭንቅላትና አንጀት ሳይለዩ የተፈጨ ዱቄት አመዱ (ማዕድኑ) ይበዛል። ሥጋ የቀረበትን አጥንትና ሙሉ ትንንሽ ዓሣ ይምረጡ። 20 ደቂቃ ቀቅለው፣ በከረጢት አድርገው ድንጋይ ይጫኑበት። መጫኑ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ትርፍ ዘይቱንም ያወጣል፤ ይህ ካልተደረገ ዱቄቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመርራል። በቀጭኑ አስጥተው እንደ ደረቅ እንጨት እስኪሰበር ያድርቁት፤ ከዚያ ይውቀጡት።

አኩሪ አተር። በምጣድ እንደ ቆሎ ይታመሳል። የጥሬ ባቄላ ሽታው ጠፍቶ የቆሎ ሽታ ሲመጣ ይበቃዋል፤ በመካከለኛ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው ያልታመሰ አኩሪ አተር ጫጩቱን ያቀጭጨዋል። ያረረውም ፕሮቲኑ ስለሚሞት አይጠቅምም። ሲበርድ አሽተው ገለባውን ያበጥሩ።

የኑግ ፋጉሎ። ከመጭመቂያ ቤት በዚያው ሳምንት የወጣውን ይግዙ። ሰብረው ያሽትቱት፤ የሻገተ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ ይተዉት፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ቃጫው ብዙ ስለሆነ ከተወቀጠ በኋላ በሻሽ ይነፋና የወረደው ብቻ ይወሰዳል።

ተልባ። በዝግታ ይታመሳል፤ መንጣጣት ሲጀምር ወዲያው ይወርዳል። የሚወቀጠው መኖው በሚሠራበት ቀን ነው። ትናንት የተወቀጠ ተልባ ለሰው መጠጥ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ግን አርጅቷል።

ስለ ወፍጮ አንድ ነገር፦ በርበሬ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ይዘው አይሂዱ። ቢጠረግም ቅሪቱ ይቀራል፤ ያ ቅሪት የጫጩቱን የመተንፈሻ ስንጥብ አይምርም። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሙቀጫ ወይም ለዚሁ ብቻ የተለየ የቡና መፍጫ ይበቃል። የነሐስ ሙቀጫና የዛገ ብረት ዕቃም አይጠቀሙ፤ መዳብና ዝገት ስብ የሚበላሽበትን ፍጥነት ያባብሳሉ።

ልኩ

ለ1 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ፦

- የዓሣ ዱቄት 480 ግራም
- የታመሰ አኩሪ አተር ዱቄት 200 ግራም
- የተነፋ የኑግ ፋጉሎ 100 ግራም
- የስንዴ ዱቄት 145 ግራም
- ያልበሰለ አስኳል 4 (60 ግራም ገደማ፤ ሲደርቅ 30 ግራም ይሆናል)። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ 5
- የታመሰ ተልባ ዱቄት 25 ግራም
- የቫይታሚንና ማዕድን ድብልቅ 20 ግራም

አሁን ስቡን እንቁጠር። ከዓሣ ዱቄቱ 38 ግራም፣ ከአኩሪ አተሩ 38፣ ከፋጉሎው 8፣ ከስንዴው 2፣ ከአስኳሉ 17፣ ከተልባው 10። ድምሩ 113 ግራም፣ ማለትም 11 በመቶ ነው። ፕሮቲኑ ደግሞ 40 በመቶ አካባቢ ይመጣል። ለጫጩት የሚፈለገው የስብ መጠን ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። እንግዲህ አንዲት ጠብታ ዘይት ከጀሪካን ሳይፈስ ልኩ ሞልቷል። ሊኖሌይኩ ብቻ ከሚያስፈልገው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

በዚህ ላይ «ይጠንክርለት» ተብሎ አንድ የቡና ሲኒ ኑግ ዘይት ቢጨመር ስቡ 16 በመቶ አልፎ ይሄዳል። ጫጩቱ ጉልበቱን ከስቡ ስለሚያገኝ ቶሎ ይጠግባል፤ መብላቱን ያቆማል፤ ፕሮቲኑ ሳይደርሰው ይቀራል። ርዝመቱ ቆሞ ሆዱ የሚነፋው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓሣ ዱቄቱ ከገበያ የተገዛ ከሆነ ዘይቱ ይለያያል። ቀላል መፈተኛ አለ፦ አንድ ማንኪያ ዱቄት በነጭ ወረቀት አጥፈው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ ፀሐይ ያልነካው ሞቅ ያለ ቦታ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ወረቀቱ ላይ የሚያስተላልፍ የቅባት ክብ ከወጣ ዱቄቱ ቅባታም ነው፤ አኩሪ አተሩን ወደ 150 ግራም ዝቅ አድርገው የቀረውን 50 ግራም በፋጉሎ ይተኩ። ክብ ካልወጣና ዱቄቱ እንደ አመድ ደረቅ ከሆነ 10 ግራም ኑግ ዘይት ይጨመራል። ይህ 11 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ሲሪንጅ መለካት ከማንኪያ ይሻላል።

የቫይታሚን ድብልቁ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኘው የዶሮ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱን ግን ይወቁ፦ ዶሮ ቫይታሚን ሲን ራሷ ስለምትሠራ ድብልቁ ውስጥ አይጨመርም። ዓሣ ግን አይሠራም። ስለዚህ 1 ግራም ቫይታሚን ሲ (ባለ 500 ሚሊግራሙ ሁለት ፍሬ) ተፈጭቶ ለብቻው ይገባል። ቫይታሚን ኢ ደግሞ ባለ 400 ዩኒቱ አንድ ካፕሱል ተበስቶ አስኳሉ ላይ ይፈስሳል። ካፕሱሉ ላይ «አሴቴት» የሚል ካለ፣ ያ ዓይነት የሚሠራው ዓሣው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ መኖው ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ እንዳይበላሽ አይከላከልም። ካፕሱል ጨምሬያለሁ ብሎ መኖውን ለሁለት ወር ማስቀመጥ አያዋጣም።

ወቅቱን ከመረጡ በሁዳዴ መሥራት ይጠቅማል። እንቁላል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ የዓሣ ገበያውም ስለሚደራ ተረፉ ይበዛል። በክረምት ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማድረቅ ራሱ ፈተና ነው፤ ያኔ ግማሽ ኪሎ ብቻ ሠርቶ መጠቀም፣ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና መሥራት ይሻላል።

አሠራሩ

1. ደረቆቹን (የዓሣ ዱቄት፣ አኩሪ አተር፣ ፋጉሎ፣ ተልባ) በሻሽ ይንፉ። በሻሽ ያላለፈው ተመልሶ ይወቀጣል። ከዚህ በኋላ ቢፈጭ እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ ቅንጣቱ ሻካራ ከሆነ ጫጩቱ አንዱ ጋ ስብ ብቻ፣ ሌላው ጋ አጥንት ብቻ ያገኛል።

2. የስንዴውን ዱቄት በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ እንደ ወፍራም ሙቅ ያብስሉት። ሲበስል መኖውን የሚያጣብቀው እሱ ነው። አውርደው ጣት ሳያቃጥል እስኪነካ ድረስ ያብርዱት።

3. አስኳሎቹን ከነጩ ይለዩ። ነጩ ጥሬ ሲሆን ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ስለሚያስር አይግባ። አስኳሉን ከቫይታሚን ኢው ጋር በሹካ ይምቱ። ዘይት የሚጨመር ከሆነ እንደ ክር እያቀጠኑ፣ ሳያቋርጡ እየመቱ ያንጠባጥቡበት። ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ጨምረው እንደገና ይምቱ። የሚፈለገው ወተት መስሎ፣ ለአምስት ደቂቃ ቢቀመጥ ዘይት ከላይ የማይለይ ድብልቅ ነው። ዘይቱ ከተለየ አንድ ሌላ አስኳል በባዶ ሳህን መትተው፣ የተለየውን ድብልቅ ቀስ በቀስ እየጨመሩበት ይምቱ፤ ይመለሳል። ዘይት ባይጨመርም አስኳሉን መምታቱ አይቀርም፤ ስቡ በደቃቁ ተበትኖ ወደ እያንዳንዷ ቅንጣት የሚደርሰው በዚህ ነው።

4. ሙቁን ከደረቆቹ ጋር ያቡኩ፤ አስኳሉን በሦስት ጊዜ ከፍለው ይጨምሩ። ሊጡ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ እጅ ላይ ግን የማይጣበቅ መሆን አለበት። ቢቀጥን ስንዴ አይጨምሩበት፤ ልኩ ይዛባል። በሰፊ ትሪ ላይ አድርገው ውሃው በሚተንበት ቦታ ጥቂት ያቆዩት።

5. በጣት ውፍረት ጠፍጥፈው በእንፋሎት 10 ደቂቃ ያብስሉ። ክዳን ያለው ድስት፣ ከሥሩ ጥቂት ውሃ፣ ከላይ ወንፊት ቢሆን ይበቃል። ከ10 ደቂቃ በላይ ማቆየት የተልባውን ስብ ይጎዳል።

6. ሲበርድ በጣት ፈርፍረው በቀጭኑ ያስጡ። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ብርሃኑ ስቡን ያበላሻል፣ ቫይታሚኑንም ይበላል። ቆቦና መርሳ አካባቢ ባለው ደረቅ አየር በአንድ ቀን ከግማሽ ይደርቃል። ደጋ ላይ እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ የሻጋታ ስጋት አለ። እንዲያ ሲሆን ጭስ የሌለው ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ በሩን ገርበብ አድርገው ያድርቁት። የጭስ ሽታ የገባበትን መኖ ጫጩት ይተፋዋል።

7. ፍርፋሪው በጥፍር ሲጫኑት ተሰባብሮ ድምፅ ካሰማ ደርቋል። ፈጭተው በየመጠኑ ይለዩት፦ በሻሽ የወረደውን ለመጀመሪያው ሳምንት፣ በሻይ ማጥሊያ የወረደውን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው፣ በዱቄት ወንፊት የወረደውን ለአራተኛው። በግምት የመጀመሪያው ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች፣ ሁለተኛው እስከ 0.5፣ የመጨረሻው እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው።

8. የቫይታሚን ድብልቁንና ቫይታሚን ሲውን አሁን፣ በደረቁ ያሹበት። ቀድሞ ቢገባ ኖሮ ሲው በእንፋሎቱ ይጠፋ ነበር።

የሳምንቱን ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያስቀሩ። የቀረውን ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ወይም ጣሳ እስከ አፉ ሞልተው ይዝጉ፤ ባዶ ቦታ የቀረው አየር ስቡን የሚያበላሸው እሱ ነው። ማቀዝቀዣ ካለ 6 ሳምንት፣ ከሌለ 3 ሳምንት ይቆያል። በየቀኑ የሚከፈተው ዕቃና የሚቀመጠው አንድ መሆን የለበትም።

ከመስጠት በፊት መፈተን

አንድ ቁንጥር መኖ በብርጭቆ ውሃ ላይ ይበትኑና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ከወጣ ዘይቱ አልተያዘም፤ ወይም በዝቷል፣ ወይም ሦስተኛው ደረጃ ላይ በደንብ አልተመታም። ውሃው እንደ ወተት ከደፈረሰ ስንዴው አልበሰለም። ቅንጣቶቹ ተለያይተው ጥቂቱ ተንሳፎ ጥቂቱ ቀስ እያለ ከወረደ ጥሩ ነው።

ለመበላሸቱ ግን ከአፍንጫ የተሻለ መሣሪያ ቤት ውስጥ የለም። ጥቂቱን በለብ ውሃ አርሰው ያሽትቱ። የዓሣና የቆሎ ሽታ ያለው ደህና ነው። የግድግዳ ቀለም ወይም የአሮጌ ጀሪካን ሽታ ያለው ተበላሽቷል። ምላስ ላይ ቢነካ ይመራል፤ የሚቀላቀልበት ነገር ፈልጎ ማዳን አይቻልም፤ ይደፋ።

አሰጣጡ

መጀመር ያለብዎት ጫጩቱ ወደ ላይ መዋኘት ሲጀምር፣ አስኳሉ ጥቂት ሳይጨርስ ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ የተጠበቀ ጫጩት ከደከመ በኋላ መብላት አይማርም።

ሺህ ጫጩት 10 ግራም ይመዝናል። በመጀመሪያው ሳምንት የክብደቱን 30 በመቶ በቀን ይበላል፤ ይህ 3 ግራም ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በየሰዓት ከሩቡ ስምንት ጊዜ ቢከፋፈል ለአንድ ጊዜ የሚደርሰው ከግማሽ ግራም ያነሰ፣ በሁለት ጣት የሚቆነጠር ነው። ይህን ሰው አያምንም። በእፍኝ ይሰጣል፤ የተረፈው ከሥር ይበሰብሳል፤ ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል። በሁለተኛው ሳምንት 20 በመቶ በስድስት ጊዜ፣ በሦስተኛው 15 በመቶ፣ በአራተኛው 10 በመቶ በአራት ጊዜ ይሰጣል። በየሳምንቱ 50 ጫጩት በጥንቃቄ መዝኖ ማስላት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ልክ ውሃው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። በሐይቅ፣ በኮምቦልቻና በተሁለደሬ ከፍታ ላይ ያለ ክፍት ኩሬ ሌሊት ከዚህ በታች ይወርዳል። ውሃው 22 ዲግሪ ሲሆን ልኩን በግማሽ ይቀንሱ፣ ጠዋትም 3 ሰዓት ተኩል ሳይሞቅ አይጀምሩ። ከ20 በታች ሲወርድ አይስጡ፤ የቀዘቀዘ አንጀት ስብ አይፈጭም። ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ማሳደጊያ ላይ ማታ ፕላስቲክ ማልበስ ዲግሪ ያተርፋል፤ ከማንኛውም ዘይት ይልቅ ያ ይጠቅማል።

ሲበላሽ ምን ይታያል?

ጫጩቶቹ ጠዋት ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ውሃው ላይ ሽፋን አለ። አየር አጥሯቸዋል። ሽፋኑን በጋዜጣ ወረቀት ይቀፉት፤ ወረቀቱን ውሃው ላይ ማንጠፍና ማንሳት ነው፤ ዘይቱ ተጣብቆ ይወጣል። የሥሩን ቆሻሻ በቱቦ ይምጠጡ፣ ሩቡን ውሃ ይለውጡ፣ ለግማሽ ቀን አይመግቡ።

ነጭ፣ የሚንሳፈፍ፣ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር ያልተፈጨ ስብ ነው። ወይ ውሃው ቀዝቅዟል፣ ወይ የሚረጋ ዘይት ገብቷል፣ ወይ አስኳል የለም።

ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ጀርባው እንደ ቢላ የሳለ፣ ቀለሙ የጠቆረ ጫጩት ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ስብ የበላ ነው። የሞተውን ሆዱን ቢከፍቱ ጉበቱ ደም ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ቢጫ የገረጣ ሆኖ ይገኛል። ዱቄቱን በሙሉ ይቀይሩ፤ ቫይታሚን ኢውን ለሁለት ሳምንት በእጥፍ ያድርጉ። በጣም የከሳው አይመለስም፤ የቀረው ይተርፋል።

የአከርካሪ መጣመም ከሁለት ምክንያት ይመጣል፦ የቫይታሚን ሲ እጥረት ወይም የተበላሸ ስብ። መኖው አዲስ ሆኖ ከታየ ሲው ነው፤ አሮጌ ከሆነ ሁለቱም። የተጣመመው አይቃናም።

አምባዛ ከሆነ

የአምባዛ እጭ ከእንቁላል በወጣ በሦስተኛው ቀን መብላት ይጀምራል፤ ግን ክብደቱ 2 እስከ 3 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ጨጓራውም ገና አይሠራም። የመጀመሪያዎቹን አምስት እስከ ሰባት ቀናት ሕይወት ያለው ምግብ ይፈልጋል። ከላይ ያለው መኖ ብቻውን ቢሰጠው በልቶ ይሞታል። በተለየ ገንዳ 1 ሜትር ኩብ ውሃ ላይ ግማሽ ኪሎ የደረቀ የዶሮ ፍግ በከረጢት ቢንጠለጠል፣ ፀሐይ ካገኘ ከሳምንት በኋላ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ ደቃቅ የውሃ ነፍሳት ይራባሉ። በሻሽ አጥልለው የወረዱትን ደቃቆች ብቻ ይስጡ፤ ትልልቆቹ እጩን ራሱን ይነክሱታል። እነዚህ ነፍሳት ፎስፎሊፒዱንም ኦሜጋ 3ውንም ይዘው ስለሚመጡ ለስቡ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በሻሽ የወረደውን መኖ በጥቂቱ እያለማመዱ፣ አስኳሉን ከአራት ወደ ስምንት አሳድገው፣ ያ የሚጨምረውን 17 ግራም ስብ ለማካካስ አኩሪ አተሩን ወደ 110 ግራም ዝቅ አድርገው፣ የጎደለውን በዓሣ ዱቄት ይሙሉ። አምባዛ እርስ በርሱ ስለሚበላላ የተለያየ ቁመት ያላቸውን በየሦስት ቀኑ ይለዩ።

አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ

ጫጩቱ ከግማሽ ግራም ሲያልፍ ፎስፎሊፒዱን ራሱ ይሠራል። አስኳሉን ማቆም ይቻላል፤ ተልባው ግን ይቀጥል። አዲሱን መኖ በአንድ ጊዜ አይለውጡ፦ በመጀመሪያው ቀን ሩብ፣ በሁለተኛው ግማሽ፣ በሦስተኛው ሦስት ሩብ እያደረጉ፣ በአራተኛው ቀን ሙሉ ለሙሉ ያስረክቡ። አስኳሉ ሲወጣ ስቡ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ በምትኩ ዘይት አይጨመርም።